ስለ ራይን ወንዝ ለጻፋችሁት፦ ከኮሎኝ ወደብ የተላከ ደብዳቤ

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፣

እንደምን ከረማችሁ? በቅርቡ በጋዜጣችሁ ስለ ራይን ወንዝ የወጣውን የጉዞ ጽሑፍ አነበብኩ። ጸሐፊው በሽርሽር መርከብ ተሳፍረው፣ ግራና ቀኝ ያሉትን የድሮ ግንቦች አይተው፣ የአካባቢውን ነጭ ወይን ቀምሰው ተመልሰዋል። አጻጻፋቸው ይጥማል። መጨረሻው ላይ ግን እነዚህ አገሮች ውሃቸውን በፍቅር ተካፍለው ስለሚኖሩ እኛም በዓባይ ጉዳይ ከራይን እንማር የሚል ምክር ጣል አድርገዋል። እኔ እንጀራዬን የማገኘው ከዚህ ወንዝ ነው። ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

የምሠራው ኮሎኝ ከተማ፣ ኒል በሚባለው ወደብ ነው። ሥራዬ ኮንቴይነር መቀበልና ማስረከብ ነው። ታብሌት ይዤ ቁጥሩን አያለሁ፣ ማሸጊያው እንዳልተነካ አረጋግጣለሁ፣ ጎኑ ተሰርጉዶ ከሆነ ፎቶ አነሳለሁ። ክሬኑን የሚነዳው ቱርካዊ ነው፤ መርከቦቹ አብዛኛውን ጊዜ የሆላንድ ናቸው፤ መርከበኞቹ ደግሞ ከየትም ከየትም ይመጣሉ። እኛ ጋ ወንዙን ለማየት ብሎ የሚመጣ ሰው የለም። ወንዙ ግን የሁላችንም አለቃ ነው።

ትንሿን ነገር ቶሎ ልጨርሳት። ጽሑፉ የራይን ርዝመት 1,320 ኪሎ ሜትር ነው ይላል። በጸሐፊው አልፈርድም። ጀርመኖቹ ራሳቸው ለብዙ አሥርት ዓመታት እንዲሁ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ትክክለኛው ግን ወደ 1,230 ኪሎ ሜትር ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የታተሙ መዝገቦች 1,230 ነበር የሚሉት። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ላይ አንዱ ጋ 2 እና 3 ቦታ ተለዋወጡ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ሌላው ከዚያ ገለበጠ፤ ሌላውም ከእሱ። በዚህ ሁኔታ የመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ገባ፤ የመንግሥት ወረቀት ላይም ሰፈረ። በ2010 ብሩኖ ክሬመር የተባሉ የኮሎኝ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕይወት ምሁር የድሮ መጻሕፍት ሲያገላብጡ ነገሩን ደረሱበት። የሆላንድ የውሃ መሥሪያ ቤትም እውነታቸውን ነው አለ። ዘጠና ኪሎ ሜትር ማለት እኮ ከአዲስ አበባ አዳማ እንደ መሄድ ነው። ያውም ወንዙ ዳር ለዳር የኪሎ ሜትር ሰሌዳ ተተክሎበት! ሰሌዳው ኮንስታንስ ከተማ ድልድይ ላይ ከዜሮ ይጀምርና የሆላንድ ባሕር ዳር ሲደርስ 1,036 ገደማ ይላል። ኮሎኝ 688 ላይ ናት። መርከበኛ የት ነህ ብትሉት የከተማ ስም አይጠራም፤ ቁጥር ነው የሚነግራችሁ።

ጸሐፊው ያዩት ከቢንገን እስከ ኮብሌንዝ ያለውን ሸለቆ ነው። 65 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ዩኔስኮ በ2002 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው እሱ ነው፤ ማማሩ አይካድም። ግን ወንዙ የሚነሳው ሩቅ ነው። ስዊዘርላንድ ውስጥ፣ ግራውቡንደን በሚባለው ተራራማ ክልል፣ ቶማ የምትባል ትንሽ ሐይቅ አለች። ከባሕር ወለል በላይ 2,345 ሜትር ላይ ናት፤ የአዲስ አበባን ያህል ከፍታ ማለት ነው፣ ብርዱን ካልቆጠርነው። ከዚያ የሚወርደው ውሃ ከሌላ እህት ወንዝ ጋር ራይሸናው ላይ ይገናኝና በሊሽተንስታይንና በኦስትሪያ ጠርዝ አድርጎ ቦደንዜ ሐይቅ ይገባል።

ሐይቁ 536 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ከጣና ጋር ሲተያይ ስድስተኛው ያህል ቢሆን ነው። ግን እስከ ሽቱትጋርት ድረስ ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከእሱ በቧንቧ ይጠጣል። የሚገርመኝ ሌላ ነው። ጀርመን፣ ስዊዘርላንድና ኦስትሪያ የሐይቁ ሰፊ ክፍል ላይ ድንበራቸው የት እንደሚያልፍ እስከ ዛሬ አልተስማሙም። አለመስማማታቸው ግን ማንንም ውሃ አላስጠማም። ማን ምን ያህል እንደሚያጠምድ፣ ማን ምን ያህል እንደሚቀዳ በሌላ ወረቀት ጨርሰውታል።

ከሐይቁ ሲወጣ ሻፍሃውዘን ላይ 23 ሜትር ወርዶ ይፈጠፈጣል። ጢስ ዓባይን በክረምት ያየ ሰው ቁመቱ አይደንቀውም። ከዚያ ባዝል ከተማ ላይ ድንገት ወደ ሰሜን ይታጠፋል። ትልልቅ የጭነት መርከቦች ሽቅብ ሲመጡ ጉዟቸው የሚያበቃው እዚያው አካባቢ ነው። ከባዝል ወዲህ በስተግራ ፈረንሳይ፣ በስተቀኝ ጀርመን። ቀጥሎ ማንሃይም፣ ማይንዝ፣ ሸለቆው፣ ኮብሌንዝ፣ ቦን፣ እኛ ኮሎኝ፣ ዱስልዶርፍ፣ ዱይስቡርግ። ሆላንድ ሲገባ ይከፋፈላል። ዋል የሚባለው ቅርንጫፍ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ውሃ ይዞ ወደ ሮተርዳም ይሄዳል።

የቦንን ስም ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር በመንገድ ልጨምር። የጀርመን ድምፅን የአማርኛ ዝግጅት ስትሰሙ ድምፁ የሚመጣው ከራይን ዳር ነው። ጣቢያው ድሮ እኛ ኮሎኝ ነበር፤ በ2003 ቦን ገባ። የገባበት ሕንፃ ገና እየተሠራ ሳለ በ1993 ታኅሣሥ ራይን ሞልቶ ምድር ቤቱ ገብቶበት ነበር። መሠረቱ ተነስቶ ሥራው ለዓመታት ቆመ። ጋዜጠኞቻችን ዛሬ የሚያነቡበት ስቱዲዮ እንግዲህ በወንዙ ተፈትኖ ያለፈ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ጸሐፊው ካውብ የምትባለው መንደር አጠገብ፣ ወንዙ መሃል ደሴት ላይ የተሠራ ነጭ ግንብ አይተው በጣም ወደውታል። ፋልዝግራፈንሽታይን ይባላል። መርከብ የመሰለ ግንብ ነው ብለዋል፤ እውነታቸውን ነው። ግን ለምን እንደተሠራ አልነገሩንም። ኬላ ነበር! በ1320ዎቹ የተሠራ የቀረጥ ኬላ። የሚያልፈውን መርከብ አስቁመው ያስከፍሉ ነበር። እንዲህ ያለው ኬላ በዚያ ዘመን ራይን ላይ በየመታጠፊያው ነበር። አንዱ መስፍን ያስከፍላል፤ ትንሽ ወረድ ሲሉ አንዱ ጳጳስ ያስከፍላል፤ ከእሱ ቀጥሎ ደግሞ ከተማው። ጸሐፊው እያደነቁ ፎቶ ያነሷቸው ግንቦች ብዙዎቹ በነጋዴው ገንዘብ የቆሙ ናቸው። በፍቅር መካፈል የሚባል ነገር በዚያ ጊዜ ማንም ሰው አያውቅም።

ያቺው ካውብ ዛሬም ታስቆማለች። አሁን የምታስቆመው ግን በውሃ ልክ ነው። እዚያ ጋ የወንዙ ወለል አለት ነው፤ ከላይም ከታችም ካለው ይልቅ ውሃው ይሳሳል። ስለዚህ ወደ ማንሃይም፣ ወደ ስትራስቡርግ ወይም ወደ ባዝል የሚወጣ መርከብ ስንት ቶን መጫን እንደሚችል የምትወስነው ካውብ ናት። ከሮተርዳም እስከ እኛ ብቻ የሚመጣው የኮሎኝንና የዱይስቡርግን መለኪያ ያያል። ከእኛ የሚያልፈው ግን ገና ሮተርዳም ሳለ ካውብን ይጠይቃል። የመርከቡ ሰዎች ጠዋት ከቡና በፊት ስልካቸውን ሲከፍቱ የአየር ሁኔታ የሚያዩ ይመስላችኋል። የካውብን ቁጥር ነው የሚያዩት።

እዚህ ላይ የጀርመን ጋዜጦችም ሳይቀሩ የሚያሳስቱት ነገር አለ። የመለኪያው ቁጥር የውሃው ጥልቀት አይደለም፤ ከተወሰነ ዜሮ ነጥብ የሚቆጠር ከፍታ ነው። ካውብ ላይ 78 ሴንቲ ሜትር ሲነበብ መርከብ የሚሄድበት መስመር 1 ሜትር ከ90 ያህል ጥልቀት አለው። በ2018 ጥቅምት መለኪያው 25 ሴንቲ ሜትር ወርዶ ነበር፤ የዚህ ዘመን ዝቅተኛው ነው። ራይን በእግር ይሻገሩታል ተብሎ ተወራ። መስመሩ ላይ ግን ከ1 ሜትር ከ30 በላይ ውሃ ነበር። ሰው ይሰጥማል። 110 ሜትር የሚረዝም መርከብ ግን እስከ ጫፍ ተጭኖ አያልፍም።

ያን ጊዜ ወደቡ ላይ ነበርኩ። ውሃ ሲያንስ ወደብ ባዶ የሚሆን የሚመስለው ሰው አለ። ተቃራኒው ነው የሚሆነው። ያ ጭነት መድረስ አለበት፤ መርከቡ ግን የአቅሙን ሲሶ ወይም ሩብ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ለአንድ መርከብ ጭነት ሦስት አራት መርከብ ይመጣል። ተራ ጠባቂው ይደረደራል። ክሬኑ እረፍት የለውም። የመርከብ ኪራይ ሰማይ ይነካል፤ በዚያ ላይ የውሃ ማነስ ጭማሪ የሚባል ክፍያ አለ። መለኪያው በወረደ ቁጥር በየኮንቴይነሩ ይጨመራል። ውሉ ላይ አስቀድሞ ስለሚጻፍ ማንም ማንንም አይጨቃጨቅም። ገንዘቡ ግን መጨረሻ ላይ ከሸማቹ ኪስ ነው የሚወጣው። በዚያው ጊዜ የነዳጅ ማመላለሻ መርከቦች በሚገባ መጫን ስላልቻሉ ቤንዚን ያለቀባቸው ማደያዎች ነበሩ፤ መንግሥትም ለክፉ ቀን ካስቀመጠው ነዳጅ ለመልቀቅ ተገደደ። ሉድቪግስሃፈን ያለው ትልቁ የኬሚካል ድርጅት ባስፍ በዚያ ዓመት በውሃ ማነስ ብቻ 250 ሚሊዮን ዩሮ ያህል እንደከሰረ ተናግሯል። ከዚያ በኋላ ብልሃት ፈጠሩ። ካውብ 30 ሴንቲ ሜትር ብታነብም 800 ቶን ይዞ የሚያልፍ፣ 135 ሜትር ርዝመትና 17 ሜትር ተኩል ስፋት ያለው የፈሳሽ ጭነት መርከብ አሠሩ። በ2023 ሥራ ጀምሯል። ሰፊ ስለሆነ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል እንጂ አይሰምጥበትም።

ውሃው ሲበዛም ጣጣ ነው። ኮሎኝ አሮጌው ከተማ ዳር አንድ ግንብ ላይ ሰዓት የመሰለ ነገር አለ። ቱሪስቶች ሰዓቱ ተበላሽቷል እያሉ ያልፉታል። የውሃ መለኪያ ነው። ትንሹ ዘንግ ሜትሩን ያሳያል፤ ትልቁ ዘንግ ከሜትር በታች ያለውን በአሥር አሥር ሴንቲ ሜትር። ትንሹ 3 ላይ፣ ትልቁ 2 ላይ ከሆነ 3 ሜትር ከ20 ነው፤ ሥራ ሰላም ነው። 8 ሜትር ከ30 ሲደርስ መርከብ ሁሉ ይቆማል፤ ሕጉ ነው። በ1995 ጥር 10 ሜትር ከ69 ደርሶ አሮጌው ከተማ ውሃ ውስጥ ገብቶ ነበር። አሁን 11 ሜትር ከ30 ድረስ የሚከላከል የሚገጣጠም ግድግዳ አለ። እኛ ጋ ደግሞ ውሃው ከፍ ሲል መርከቡ ድልድይ ሥር ለማለፍ ኮንቴይነሩን ደርቦ መጫን አይችልም። የመሪው ክፍል እንደ ሊፍት ወደ ታች የሚወርድ ነው። ካፒቴኑ ድልድይ ሲደርስ ክፍሉን ያወርደውና ከተደረደረው ኮንቴይነር በላይ ዓይኑ ብቻ ትቀራለች።

የመርከብ ሰዎቹን ሳላነሳ አላልፍም። ብዙዎቹ ሆላንዶች ባልና ሚስት ናቸው፤ ቤታቸውም መርከቡ ነው። ከኋላ በኩል ዳንቴል መጋረጃ፣ የአበባ ማሰሮ፣ የተሰጣ ልብስ ታያላችሁ። ጣሪያው ላይ የቤት መኪናቸው ቆማለች። ወደብ ሲደርሱ በራሳቸው ትንሽ ክሬን አንስተው መሬት ላይ ያስቀምጧታል፤ ገበያ ደርሰው ይመለሳሉ። አንዷን እናት አውቃለሁ። ገመዱን ወርውራ ምሰሶው ላይ ስታሳርፈው አንድም ቀን ስታ አታውቅም። ባሏ ሲወረውር ግን እንጃ። እንዲህ ያለው አንድ መርከብ ወደ 3,000 ቶን ይጭናል። ከመቶ በላይ ከባድ መኪና ከመንገድ አስቀረ ማለት ነው። ጀርመን በውስጥ ወንዞቿና ቦዮቿ ከምታጓጉዘው ጭነት ከአምስት እጅ አራቱ በራይን በኩል ነው የሚያልፈው።

«ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» እንላለን። ራይንም ለዘመናት ግንድ ይዞ ዞሯል፤ እሱ ግን ማደሪያ ነበረው። ከሽቫርዝቫልድ ጫካ የተቆረጠውን ዛፍ አንድ ላይ አስረው ከሦስት መቶ ሜትር በላይ የሚረዝም ታንኳ ያደርጉት ነበር። ላዩ ላይ እስከ አምስት መቶ ሰው፣ ኩሽናም ጭምር። ዶርድሬክት የምትባል የሆላንድ ከተማ ድረስ ይወርድና እዚያ ተፈትቶ ይሸጣል፤ ሆላንዶች መርከብና ቤት ይሠሩበታል።

ታዲያ ያ ሁሉ ኬላ የት ገባ? በ1815 ከናፖሊዮን ጦርነት በኋላ ነገሥታቱ ቪየና ላይ ሲሰበሰቡ የራይን ጉዞ ነፃ ይሁን ተባባሉ። ይህን የሚከታተል ማዕከላዊ ኮሚሽን አቋቋሙ። ዛሬ ካሉት ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ሁሉ አንጋፋው እሱ ነው፤ መቀመጫው ስትራስቡርግ ነው። ግን ተባባሉ ማለት ሆነ ማለት አይደለም። ሆላንድ ብቻዋን ለዓመታት ጉዞው ነፃ የሚሆነው «እስከ ባሕር» ነው በሚለው የስምምነቱ ቃል ላይ ስትከራከር ቆየች። የቀረጥ ገንዘብ ማን በቀላሉ ይለቃል! የመጨረሻው ነገር የተዘጋው ጥቅምት 17 ቀን 1868 ማንሃይም ላይ በተፈረመው ውል ነው። የየትኛውም አገር የንግድ መርከብ ከባዝል እስከ ባሕር በነፃ ይሂድ፤ በመጓዙ ብቻ ቀረጥ አይጠየቅ፤ ሕጉ ከላይ እስከ ታች አንድ ይሁን፤ ጠብ ቢነሳ ለራይን ጉዳይ የተሰየሙ ዳኞች ይዩት። ይህ ውል ዛሬም ይሠራል። በየቀኑ የማየው መርከብ ሁሉ የሚሄደው በእሱ ነው።

እዚህ ላይ ነው ጸሐፊው ትልቁን ነገር የዘለሉት። ስዊዘርላንድ ባሕር የላትም። ግን ባዝል ላይ ወደብ አላት። ከውጭ ከምታስገባው ዕቃ አንድ አሥረኛ ገደማ በዚያ ይገባል። እህል፣ ነዳጅ፣ ብረት፣ ኮንቴይነር። የስዊዝ ባንዲራ የሚያውለበልብ የጭነት መርከብ እኛ ወደብ ይቆማል። ሮተርዳም የስዊዘርላንድ አይደለም፤ መሃል ያለውም መሬት የእሷ አይደለም። ያላት የማለፍ መብት ነው። ያም ቢሆን እጇን አጣጥፋ አልጠበቀችም። በእንፋሎት መርከብ የሚጎተት ጭነት ባዝል የደረሰው በ1904 ነው። ከባዝል በታች ያለው የወንዙ ክፍል ጠባዩ አስቸጋሪ፣ ደለል የሚዘዋወርበት ነበር። በ1920ዎቹ መጨረሻ ስዊዘርላንድ ከጀርመን ጋር ተዋዋለችና ያንን ክፍል ለማስተካከል ከወጣው ወጪ ትልቁን ድርሻ ራሷ ቻለች። ልብ በሉ፤ ሥራው የተሠራው በጀርመንና በፈረንሳይ ድንበር ላይ ነው፣ በእሷ መሬት አይደለም። በሰው አገር ወንዝ ላይ ገንዘቧን አፈሰሰች፤ ዛሬ መርከቧ ይገባል።

ከዘጠና በመቶ በላይ ዕቃዋ በጂቡቲ በኩል የሚያልፍ አገር ጋዜጣ ስለ ራይን ሲጽፍ ይህን መዝለሉ አይገባኝም። ከዓባይ ይልቅ የሚነካን ይኼ ነው። ወደብ ሲባል ሁልጊዜ ባሕር ዳር ያለ መሬት ብቻ ይታየናል። ክፍያው አስቀድሞ የታወቀ፣ ሕጉ የተጻፈ፣ ዳኛው የተሰየመ መንገድም ወደብ ነው። ወደ ባዝል የሚሄደውን ኮንቴይነር ስመዘግብ ወረቀቱ ላይ የማልፍበት አንድ መስመር ነው፤ ከጀርባው ግን የሁለት መቶ ዓመት ድርድር አለ።

ወደ ዓባዩ ምክር ልመለስ። የማንሃይም ውል ስለ ጉዞ ነው እንጂ ውሃን ስለ መካፈል አይናገርም። ራይን ላይ የውሃ ድርሻ የሚባል ክርክር ብዙም አልነበረም፤ ምክንያቱም ውሃው አለ። ሆላንድ ድንበር ላይ ሲለካ በአማካይ በሰከንድ ወደ 2,200 ሜትር ኩብ ነው። በአውሮፓ ክረምት፣ በብርዱ ወራት፣ ከታች ያሉት ገባሮች፣ ሞዝል፣ ማይን፣ ኔካር በዝናብ ይሞሉታል፤ በአውሮፓ በጋ መጀመሪያ፣ ሰኔ አካባቢ፣ ደግሞ የአልፕስ በረዶ ይቀልጥለታል። ሁለቱ ተራ ይገባባሉ። ዓባይ እንዲህ አይደለም። የዓመቱን ውሃ በክረምት ወራት ይዞ ይመጣና ሌላው ጊዜ ይቀጥናል። የራይን አገሮች ግብርናም በዝናብ ነው፤ እንደ ግብፅ በወንዙ ብቻ የሚያድር አገር እዚህ የለም። ሁለቱን ወንዞች ጎን ለጎን አስቀምጦ ከዚህ እንማር ማለት ለአንባቢ አይጠቅምም።

በፍቅር ተካፈሉ የሚለውም ቢሆን ትክክል አይደለም። በ1919 የቬርሳይ ውል ላይ አሸናፊዋ ፈረንሳይ በድንበሯ በኩል የራይንን ውሃ ጠልፋ ለኃይል ማመንጫ የመጠቀም መብት ወሰደች። ጎን ለጎን ትልቅ ቦይ ቆፈረች፤ የመጀመሪያው ማመንጫ ኬምብስ ላይ በ1932 ተከፈተ። ለዋናው ወንዝ የቀረለት ውሃ ጥቂት ነበር። ጀርመን ያ ሁሉ ዓመት ደስ ብሏት የተቀመጠች ይመስላችኋል? በ1956 በሌላ ድርድር ነው የተስተካከለው። ከአልዛስ የፖታሽ ማዕድን ፈረንሳይ ጨው ወደ ወንዙ ስትለቅ ደግሞ የሆላንድ አትክልተኞች ፍርድ ቤት ከሰሱ። በ1976 ስምምነት ሲደረስ ጨው ለመቀነስ የሚወጣውን ወጪ ሆላንድ 34 በመቶ፣ ጀርመንና ፈረንሳይ እያንዳንዳቸው 30 በመቶ፣ ስዊዘርላንድ 6 በመቶ ተከፋፈሉት። አያችሁ? ጨው የጣለው ሳይሆን ጨው የጠጣው ነው ትልቁን የከፈለው። ፍትሐዊ ነው አልልም። ግን እንዲህ ባለ ሒሳብ ነው ነገሩ የሚፈታው፤ ያም ቢሆን በሥራ ላይ የዋለው ከብዙ ዓመት መጓተት በኋላ ነው።

የጽዳቱ ነገር ደግሞ በድንጋጤ የመጣ ነው። ኅዳር 1 ቀን 1986 ሌሊት ባዝል አጠገብ ሽቫይዘርሃለ በሚባል ቦታ የሳንዶዝ ኩባንያ የኬሚካል መጋዘን ተቃጠለ። እሳቱ የጠፋበት ውሃ የተባይ መርዙን ይዞ ወንዙ ውስጥ ገባ። ወንዙ ቀላ። ከመቶ ሺህ በላይ ኢል የሚባለው እባብ መሳይ ዓሣ አለቀ። እስከ ሆላንድ ድረስ የመጠጥ ውሃ ጣቢያዎች ከወንዙ መቅዳት አቆሙ። ከራይን ከሚጠጡት ሰዎች ቁጥር አንጻር ቀላል አልነበረም፤ ዛሬ 30 ሚሊዮን ያህል ናቸው። የወንዙ ጥበቃ ኮሚሽን ከ1950 ጀምሮ ነበር፤ ስብሰባ ያደርግ ነበር፣ ወረቀት ያወጣ ነበር። ከእሳቱ በኋላ ግን በዓመቱ ትልቅ ዕቅድ ጸደቀ። ፋብሪካዎች የእሳት ማጥፊያ ውሃ የሚያጠራቅም ገንዳ እንዲሠሩ ተገደዱ። ከወንዙ ጠፍቶ የነበረው ሳልሞን በ1990ዎቹ ዳግም መታየት ጀመረ። ኮሎኝ ውስጥ አሁን ድልድይ ሥር ቁጭ ብለው ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች አሉ። አንዱ የሥራ ባልደረባዬ የያዘውን ይበላል። እኔ እስካሁን አልደፈርኩም።

ለጽሑፉ ጸሐፊ አክብሮት አለኝ። ለሽርሽር የሄደ ሰው ያየውን ነው የሚጽፈው። ጥያቄዬ ለእናንተ ነው። አንደኛ፣ ርዝመቱን በሚቀጥለው እትም አርሙት፤ ተማሪዎች ከእናንተ ይገለብጣሉ። ሁለተኛ፣ የሕግ ወይም የትራንዚት ባለሙያ ፈልጋችሁ የማንሃይምን ውል ዋና ዋና አንቀጾች በአማርኛ አስጽፉልን፤ በተለይ ስለ ቀረጥና ስለ ዳኞቹ የሚለውን። ረጅም አይደለም፤ አንድ ገጽ ይበቃዋል። የጋዜጣችሁ ሰው ወደዚህ ከመጣ ደግሞ ወደቡ ለጎብኚ ዝግ ቢሆንም አጥሩ አጠገብ የብስክሌት መንገድ አለ። የስዊዝ ባንዲራ ያለው መርከብ ሲራገፍ ከዚያ ሆኖ በደንብ ይታያል። የሥራ ፈረቃዬ ካልሆነ እኔው አብሬው እቆማለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ
ኮሎኝ፣ ጀርመን